የታችኛው መደርደሪያ ውሃ

(ረቡዕ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል፤ በአንድ የዘረመል ምርመራ ላቦራቶሪ ውስጥ መርማሪዋ ፈትለወርቅና የመሣሪያ ጥገና ሠራተኛው ጋሽ ወንድይፍራው ከቆመች ማሽን ፊት።)

ፈትለወርቅ፦ ይጫኑት እንጂ ጋሼ! ቁልፍ ነው የሚጫኑት፤ መቃብር አይደለም የሚከፍቱት።

ወንድይፍራው፦ አልጫንም።

ፈትለወርቅ፦ አረፋ ነው አልኩዎት። ቱቦው ውስጥ አረፋ ገብቶ ነው የቆመችው። አሁን ወጥቷል፤ በዓይንዎ አይተዋል።

ወንድይፍራው፦ አረፋ ሲሆን ኤሌክትሪኩ ይወርዳል። ጠዋት ስትጭኛት ግን ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣና ብልጭ ብሎ ራሷን አጠፋች። ይቺን ማሽን ማኑዋል አንብቤ አይደለም ያወቅኳት፤ አሥራ አንድ ዓመት በጆሮዬ ነው የተማርኳት። ስታስነጥስና ስታለቅስ እለያታለሁ።

ፈትለወርቅ፦ እንግዲህ አለቀሰች ብለን እሹሩሩ እንበላት? ፍርድ ቤቱ ስምንት ሰዓት ላይ የእናትነት ምርመራውን ውጤት ይጠብቃል!

ወንድይፍራው፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ፈትለወርቅ፦ የምለቅመው መቼ ቀረኝና? የልጅቷ ናሙና ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚሆን ነው የቀረው። ግማሹ ጠዋት ሄደ።

ወንድይፍራው፦ እኔስ ምን አልኩ? የመጨረሻዋን ጠብታ ለታመመች ማሽን ልታጎርሻት ነው? እንዲህ ከተነሳች ፀጉር የሚያህሉት የመስታወት ቱቦዎች ተቃጠሉ ማለት ነው። መጋዘን ውስጥ ደግሞ ሌላ የለም።

ፈትለወርቅ፦ ልጅቷን እንደገና ለማስመጣት ሌላ ትእዛዝ ያስፈልጋል፤ ዳኛው ደግሞ የመጨረሻ ቀጠሮ ነው ብለዋል። ውጤት ካልደረሰ ልጅቷ ካሳደጓት ሰዎች ጋር ትቀራለች። አለቀ።

ወንድይፍራው፦ እናትየዋ አሁንም በሩ ላይ ናት?

ፈትለወርቅ፦ ከንጋት ጀምሮ። ወይዘሮ ታንጉት ከአግዳሚው ንቅንቅ አላለችም። በሦስት ዓመቷ የጠፋችባትን ልጅ አምስት ዓመት ሙሉ ከመጠለያ መጠለያ ስትፈልግ ኖራ፣ ጠባሳዋን አይቼ አወቅኳት ትላለች። ፍርድ ቤት በጠባሳ አይፈርድ! በወጣሁ ቁጥር ብድግ ብላ እጅ ትነሳኛለች፤ ሽንት ቤት እንኳ መሄድ አቃተኝ።

ወንድይፍራው፦ እኔስ ዛሬ በዕቃ ማስገቢያው በር ዞሬ የገባሁት ለእግር ጉዞ መሰለሽ?

ፈትለወርቅ፦ እርስዎ ደግሞ ምን አርገዋት ይሸሿታል?

ወንድይፍራው፦ እሱን ተይው። በፈሩን፣ ኤሌክትሪኩ የሚሄድበትን ፈሳሽ፣ ጠዋት በምን በጠበጥሽው?

ፈትለወርቅ፦ በምን ይበጠበጣል? በተጣራ ውሃ ነዋ።

ወንድይፍራው፦ ከየት አነሳሽው?

ፈትለወርቅ፦ ከፍሪጅ። ከመድኃኒት ክፍል በትንንሽ ሃይላንድ እየቀዳን የምናስቀምጠውን። እንደ ሁልጊዜው።

ወንድይፍራው፦ የተለጠፈ ጽሑፍ ነበረበት?

ፈትለወርቅ፦ ወረቀቱ ርጥበት ሲነካው ይላቀቃል፤ ለማን አዲስ ነው? ምነው፣ ፖሊስ ሆኑብኝ እኮ!

ወንድይፍራው፦ ጨው ያለበት ውሃ ከገባ ኤሌክትሪኩ እንዲህ ነው የሚያብደው። ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ደግሞ አንገቱን ቀይ ክር የታሰረ ሃይላንድ አየሁ።

ፈትለወርቅ፦ እሱ... እሱማ ውሃ ነው።

ወንድይፍራው፦ ውሃነቱንማ አየሁት። ይኸው አመጣሁት፤ እስቲ ልቅመሰው። የተጣራ ውሃ ጣዕም የለውም። ረቡዕ ስለሆነ እህል አልቀመስኩም፤ ምላሴ ንጹሕ ነው።

ፈትለወርቅ፦ ኧረ አይክፈቱት! ያስቀምጡት ጋሼ፣ በእመብርሃን!

ወንድይፍራው፦ ውሃ ከሆነ ምን ይጎዳኛል?

ፈትለወርቅ፦ ላቦራቶሪ ውስጥ አይጠጣም፤ ሕግ ነው።

ወንድይፍራው፦ ፈትለ፣ ልጄ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ፈትለወርቅ፦ ...ጠበል ነው።

ወንድይፍራው፦ ከማን?

ፈትለወርቅ፦ ከታንጉት። ሰኞ ዕለት «ማሽኑ ላይ ርጪልኝ» ብላ አስጨበጠችኝ። አይቻልም ብላት አልሰማ አለች፤ እግሬ ላይ ልትወድቅ ስትል ተቀበልኳት። ማሽኑ ላይ አይረጭ፣ ጠበል ደግሞ አይደፋ! ማታ ቤት እወስደዋለሁ ብዬ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ወንድይፍራው፦ ረሳሽውም።

ፈትለወርቅ፦ ረሳሁት።

ወንድይፍራው፦ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል፤ ከምንጭ የፈለቀ ደግሞ ጨው አያጣም። በይ፣ የማሽኗን መዝገብ አምጪና ጻፊ።

ፈትለወርቅ፦ ምን ብዬ? «ከባለጉዳይ ስጦታ ተቀብዬ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩ» ብዬ? የአሳዳጊዎቹ ጠበቃ ይህን ካገኘ ውጤቱን ከነማሽኗ ነው የሚጥለው። እኔ ከሥራዬ፣ እሷም ከልጇ። ካልጻፍኩ ደግሞ እርስዎ አይጫኑ። ወዲህ ብል ግድግዳ፣ ወዲያ ብል ግድግዳ!

ወንድይፍራው፦ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

ፈትለወርቅ፦ ማደሪያ ጊዜ መች ተሰጠኝ? እስከ ስምንት ሰዓት ነው ያለኝ። «ውሃው ተበላሽቶ ነው» ብዬ ልለፈው?

ወንድይፍራው፦ ጠበል ተበላሸ ልትይ? አፍሽን ያዢ!

ፈትለወርቅ፦ እርስዎ በእኔ ቦታ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?

ወንድይፍራው፦ እኔ... እኔማ... ስሚኝ። ናሙናው በቁጥር ነው ያለው። ውጤቱን አንቺ አታንብቢው፤ የማን እንደሆነ የማያውቅ ሌላ መርማሪ ያንብበው። ይህንንም ጻፊው። ማሽኗን እኔ ከመድኃኒት ክፍል ታሽጎ በመጣ ውሃ አጥባታለሁ፤ መልሱን በምናውቀው ናሙና እንፈትናታለን፤ ከዚያ የልጅቷን እንጭናለን። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ይወጣል።

ፈትለወርቅ፦ ይደርሳል?

ወንድይፍራው፦ አሁን ከተጀመረ ይደርሳል።

ፈትለወርቅ፦ እሺ። ያባረሩኝ እንደሆነ ያባርሩኝ። «ዛሬ ጠዋት ቀይ ክር ከታሰረበት ሃይላንድ ቀድቼ...» ቆይ። ጋሼ፣ እስቲ ሃይላንዱን ወዲህ ይበሉት።

ወንድይፍራው፦ ምን ያደርግልሻል? ጻፊ እንጂ።

ፈትለወርቅ፦ ሙሉ ነው እኮ! እስከ አፉ ሙሉ ነው። ክሩም ክዳኑ ላይ እንደተቋጠረ ነው፤ ሰኞ እሷ የቋጠረችው። እኔ ግን ጠዋት አንድ ሃይላንድ ሙሉውን ጨርሻለሁ። ባዶው ይኸው፣ ቅርጫት ውስጥ! ክር የለው፣ ምን የለው። ከታችኛው መደርደሪያ ነው ያነሳሁት!

ወንድይፍራው፦ ከታችኛው አልሽ?

ፈትለወርቅ፦ ተመስገን! ጠበሉን አልነካሁትም። እንግዲያው ውሃው ጤነኛ ነበር፤ አረፋ ነው ያልኩት እኔ ነኝ ልክ። የሚጻፍ ነገር የለም። ዞር ይበሉ፣ እጫነዋለሁ።

ወንድይፍራው፦ ቆይ።

ፈትለወርቅ፦ ምን እቆያለሁ? እርስዎማ የአህያ ባል ሆኑብኝ፤ ከጅብ አያስጥሉ! ልጫነው ነው...

ወንድይፍራው፦ እጅሽን ከቁልፉ ላይ አንሺ! ውሃው ነው።

ፈትለወርቅ፦ በምን አወቁ?

ወንድይፍራው፦ አባቴ ወንድይፍራው ብሎ ስም ያወጣልኝ እንዲህ እንድፈራ አልነበረም። ከጠዋት ጀምሮ አንቺን የምመረምረው ፈርቼ ነው። ክር ያለበትን ሳይ፣ «ማሽኗን ያሳመመው የፈትለ በሆነ» ብዬ ተመኘሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ፈትለወርቅ፦ አልገባኝም ጋሼ።

ወንድይፍራው፦ ታንጉት ሰኞ ዕለት ሁለት ሃይላንድ ነው ይዛ የመጣችው፤ አንዱን ለእኔ ሰጠችኝ። መዝገቡን ወዲህ በይ፣ ቀድሜ እኔ ልጻፍ፤ የታችኛውን ሰው እንዳያውቅብኝ የፈታሁት ክር ይኸው፣ ኪሴ ውስጥ ነው።