ኢንተርኔት የሚውጠው ግራር

ሞያሌ፣ ኬንያ በኩል፣ የኢንተርኔት አንቴና እየሰቀልኩ ነበር የምኖረው፤ ሰው በስዋሂሊ "ፈንዲ"፣ ማለትም ባለሙያ፣ ይለኛል። ማንያታ ሰፈር ሆቴል ላላቸው ለእትዬ አልማዝ በበጋ የገጠምኩላቸው እንደ ጉድ ይሠራ ነበር፤ ዝናብ ጥሎ የጎረቤታቸው ግራር ቅጠል ሲያወጣ ግን ቀጥ አለ። "ፈንዲ፣ እንግዶቼ ወደ ሌላ ሆቴል እየሄዱብኝ ነው! ወይ ዛፉን አስቆርጥ ወይ ዕቃህን ንቀል!" አሉኝ። ዛፉ የቦረናው ሽማግሌ የሙዜ ጉዮ ነው። ሄጄ፣ "ከኔትወርክ ማማው ወደ ሆቴሉ የሚመጣው ሞገድ ፍሪኩዌንሲው ከፍተኛ ስለሆነ እርጥብ ቅጠል ይውጠዋል፤ ቅጠል አልፎ የሚሄደው ዝቅተኛው ደግሞ ቀርፋፋ ነው" ብዬ አስረዳኋቸው። "ከጎረቤት ጎሳ ጋር ተጋጭተን የታረቅነው እዚህ ሥር ነው" አሉኝ። "የታረቁበት ዛፍ አይቆረጥም። ቤቴ ከዛፉ ወዲያ፣ በማማው በኩል አይደል? እኔ ጣሪያ ላይ ስቀለው።" ሰቀልኩና ገመዱን ወደ ሆቴሉ ሳብኩት። ለውለታቸውም እቤታቸው ዋይፋይ ገጠምኩላቸው።

ብዙም ሳይቆይ አስጠሩኝ። ሽማግሌዎቹ ለዳኝነት ዛፉ ሥር ተሰብስበዋል፤ ከሳሽ፣ ተከሳሽ፣ ምስክር፣ ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሯል፤ የሚናገር የለም። ሙዜ ጉዮ በዱላቸው ወደ ላይ እያመለከቱ፣ "አንተ ልጅ፣ ይሄ ቅጠል ኢንተርኔት ይውጣል ብለኸኝ አልነበር? ታዲያ አሁን ምነው አልውጥ አለ?" አሉኝ። "ሙዜ፣ ይሄኛው እኮ ከቤትዎ ነው የሚመጣው፤ በቅጠሉ ሥር ነው የሚያልፈው" አልኳቸው። ቀና ብለው ቅጠሉን አዩና፣ "እንግዲያው ያንን ዕቃ ከቤቴ አውጣና ቅጠሉ መሃል ስቀልልኝ!" አሉ።