ባለቤቱ ያልታወቀ ብርጭቆ

ሰዓት ሠሪው የአውቶቡስ ማቆሚያውን ምሰሶ ተደግፈው ላባቸውን በመሐረብ ሲጠርጉ ድንገት ያየቻቸው የእህታቸው ልጅ ናት። ከእግራቸው ሥር አንድ ከረጢት ብቅል ተቀምጧል። ልጅቷ ከሥራ መውጣቷ ነበር። በውሃ ምርመራ ክፍል ተቀጥራ ቀኑን ሙሉ በብልቃጥ ውሃ እየቀዳች በዓይን የማይታየውን ቆሻሻ ስትፈልግ ነው የምትውለው። ማታ ማታና በዕረፍት ቀኗ ደግሞ እንደ አጎቷ ቢራ ትጠምቃለች፤ ያስተማሯትም እሳቸው ናቸው።

«ጋሼ! ይሄን ሁሉ ብቻዎን ተሸክመው? ቢደውሉልኝ ምን ነበረበት?»

«ይሄ ከረጢት አይከብደኝም» አሉ፣ ከረጢቱን እንደ ልጅ ራስ መታ መታ እያደረጉ። «የልጄ የሠርግ ብቅል ነው። እሑድ እጠምቃለሁ። ሁለት ወር አርፎ ሲደርስ እንግዳው ሁሉ የእጄን ይጠጣል። ከመደብር አንድ ጠርሙስ አይገባም ብዬ ለአማቾቻችን አፌን ሞልቼ ነግሬያቸዋለሁ።»

ልጅቷ «እሰይ!» ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ገጠመችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰዓት ሠሪው ቢራ ከአምና ጀምሮ የቁስል ፋሻ ይሸታል። ይህን ከሳቸው በቀር የማያውቅ የለም። አራት ጠማቂዎች በየወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ እሳቸው ሳሎን ይሰበሰባሉ፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ጠርሙስ ይዞ ይመጣል፣ ራሱ ይቀዳል፣ ቀድቶም የጠጪውን ዓይን ዓይን እያየ ይቆማል። ሰው ፊት ለፊትህ ቆሞ እያየህ «ፋሻ ፋሻ ይላል» የሚል ደፋር ከየት ይመጣል? «ግሩም ነው! እጅዎ ይባረክ!» ይባላል። ብርጭቆውም በጨዋ ደንብ ይጨለጣል፣ ወይም ባለቤቱ ዞር ሲሉ መስኮቱ ሥር ባለው የአበባ ማሰሮ ውስጥ ይደፋል። አበባው ደርቆ ሁለት ጊዜ ተተክቷል፤ ሰዓት ሠሪው ግን የፀሐይ ማነስ ነው ብለው ያምናሉ።

ይሉኝታ ጥሩ ጌጥ ነው፤ ሲበዛ ግን ወዳጅን ያስገድላል። ልጅቷ ይህን ስታስብ የአጎቷ ልጅ በሙሽራ ልብሷ፣ በእንግዶቿ መሐል አንገቷን ደፍታ ታየቻት። ከረጢቱን በአንድ ጫፍ እሷ፣ በሌላው ጫፍ እሳቸው ይዘው መንገድ ጀመሩ።

«ጋሼ፣ ከመጥመቅዎ በፊት አንድ ነገር ልለምንዎት?»

«አንቺ ከለመንሽ መጨረሻው ስብሰባ ነው። በይ እስቲ።»

«ቅዳሜ ስንገናኝ ሸፍነን እንቅመስ። ጠርሙሶቹ በጨርቅ ይጠቅለሉ፤ የማን እንደሆነ ሳናውቅ ቀምሰን ያገኘነውን እንናገርና ከዚያ ይገለጥ።»

ሰዓት ሠሪው ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ከረጢቱም አብሮ ቆመ። «እኔ ቤት? የጓደኞቼን ቢራ እንደ ተጠርጣሪ ራሱን ሸፍኜ ላቅርበው?»

«ሰዎቹን ለመሸፈን እኮ አይደለም፤ መጠጡን ለመግለጥ ነው።»

«ስሚ ልጄ። ቢራ ከጠማቂው ተለይቶ አይጠጣም። የደከመበትን ሰው ፊት እያየሁ ስጠጣ ነው የሚጣፍጠኝ። ጥበብሽን ላብራቶሪሽ ውስጥ ተጠቀሚበት፤ ጨዋታችንን ግን ፈተና አታድርጊብን።»

«ልክ ነዎት። እኔም የእርስዎን ስጠጣ ያስተማሩኝን እያሰብኩ ነው። ግን የሠርጉ እንግዳ እርስዎን አያውቅም፤ የሚያውቀው ብርጭቆውን ነው።»

ከረጢቱን ይዘው እስከ መድኃኒት ቤቱ ማዕዘን ድረስ ተጓዙ። እዚያ ሲደርሱ ሰዓት ሠሪው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«የኔ ቢራ ምን ሆነ? ሁሉም ‹ግሩም ነው› አይደል እንዴ የሚለው?»

ጊዜው ይህ ነበር። አንድ ቃል ብትናገር ነገሩ ሁሉ እዚያው ያልቅ ነበር። ልጅቷ ግን ጫማዋን እያየች «እኔ የማንም ምን ሆነ አላልኩም» አለች። ለእውነት ጠበቃ ልትቆም የተነሳችው ልጅ እውነቱን ዋጠችው! ፊቷ በኀፍረት ጋለ፤ ወዲያው በሌላ በር መጣች።

«ሰው ሰዓቱን ሊያሠራ ሲመጣ ምን ይሉታል?»

«‹ጥለኸው ሂድ› ነዋ የምለው። አጠገቤ ቆሞ ‹የአባቴ ማስታወሻ ነው፣ አንድ ቀን ዘግይቶ አያውቅም› እያለ ሲለፈልፍ የሰዓቱ ድምፅ መቼ ይሰማኛል?»

«ታዲያ ቢራውስ ባለቤቱ አጠገቡ ቆሞ እንዴት ይሰማል?»

ሰዓት ሠሪው ሳቃቸው አመለጣቸው። «አንቺ ልጅ፣ በገዛ አፌ ያዝሽኝ! እሺ፤ አንድ ቀን ብቻ። እንዲያውም ደግ ነው፤ የማን ቢራ አንደኛ እንደሆነ ያለ አድልዎ ይታያል» አሉና ከረጢቱን ብድግ አደረጉት።

ቅዳሜ ደረሰ። ከአራቱ ጠማቂዎች አንዷ የሆነችው ልብስ ሰፊ ወይዘሮ ለጠርሙሶቹ እስከ አንገታቸው የሚደርስ ግራጫ የጨርቅ ሽፋን ሰፍታ መጣች፤ የሚለዩት በቁልፋቸው ቀለም ብቻ ነው፦ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ቀይና ነጭ። ቀጥሎ አራተኛው ጠማቂ፣ «ፍሬን» የሚባሉት ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር ገቡ። ይህን ስም ያተረፉት በመንገድ ላይ እጁን ላነሳ ሁሉ ይቆሙ ስለነበር ነው። ጠርሙሶቹን ማድ ቤት ወስዳ የምታለብሳቸው የሰዓት ሠሪው ባለቤት ሆነች።

«እኔ የአራታችሁንም አልወድም» አለች ሽፋኖቹን እየተቀበለች። «ከኔ የተሻለ ገለልተኛ ከየትም አታመጡም።»

ልጅቷ ደንቡን ተናገረች። ብርጭቆው መጀመሪያ ወደ መስኮቱ ብርሃን ይያዛል፣ ከዚያ ይሸተታል፣ ከዚያ ይቀመሳል፤ በመካከሉ አፍ በውሃ ይታጠባል። ቀድሞ ያማረው ይነገራል፣ ቀጥሎ የጎደለው። «ግሩም ነው» ማለት ግን ክልክል ነው።

«ወይ ጉድ!» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እሱ ከተከለከለ እኔ የማውቀው ቃል አለቀ።»

ባለ ሰማያዊው ቀለል ያለ፣ ግን አረፋው ቶሎ የሚጠፋ ሆኖ ተገኘ፤ ይህን ያሉት ራሳቸው ፍሬን ናቸው። ባለ ቢጫው ሲቀዳ ሰዓት ሠሪው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «የተጠበሰ ዳቦ ቅርፊት ይሸታል። ጉሮሮ ላይ ሲወርድ ደግሞ ለስላሳ ነው። ይሄን የጠመቀ ሰው ትዕግሥት አለው» አሉና ወደ ልጅቷ ጆሮ ጠጋ ብለው «የኔ ነው፤ እጄን አጣዋለሁ?» ብለው አንሾካሾኩ።

ባለ ቀዩ መጣ። ፍሬን አንዴ ጎንጨት አድርገው ፊታቸውን አኮማተሩ። «ይሄ ሰውዬ ሆፑን በአካፋ ነው የጨመረው።»

«መራራውን አበባ?» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ምላሴ ደረቀኮ!»

«የተማረ ሰው ነው የጠመቀው» አሉ ሰዓት ሠሪው። «የሚያውቀውን ሁሉ አንድ ጠርሙስ ውስጥ ከቶታል።»

ልጅቷ የራሷን ቢራ ከሽታው አውቃዋለች። «አዲስ ዓይነት ሆፕ ስለሆነ ነው፣ እንደዚህ ነው የሚጠጣው» ልትል ምላሷ ጫፍ ደረሰ። እሷንም ለካ ይሄን ሁሉ ጊዜ «ግሩም ነው» ሲሏት ነበር የኖሩት! የራሷ አሮባት የሰው ስታማስል እንደነበር ገባት፤ ጥርሷን ነክሳ ዝም አለች።

ከዚያ ባለ ነጩ ተቀዳ። ልብስ ሰፊዋና ፍሬን ገና ሲያሸቱት ተያዩ፤ ሽታው የማን እንደሆነ ሁለቱም አውቀዋል። የተከለከለው ቃል አፋቸው ላይ ተንጠለጠለ። ሰዓት ሠሪው ግን አልጠበቋቸውም። የራሱን ቤት ጠረን የሚያውቅ ሰው የለም፤ ቤታቸው ብቻቸውን ሲጠጡት የማይሰማቸው ሽታ ዛሬ ከሦስት ቢራ በኋላ ሲመጣ አፍንጫቸውን መታቸው።

«ኤዲያ! ይሄማ ሐኪም ቤት ነው። እርጥብ ፋሻ! ይሄ ሰው ዕቃውን በወጉ አያጥብም። ፍሬን፣ አንተ ነህ እንዴ? ምነው ወዳጄ፣ ይሄንንማ ለእንግዳ አያቀርቡም!»

ባለቤታቸው ሳትጠራ መጥታ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈታች። ሰማያዊው የፍሬን። ቢጫው የልብስ ሰፊዋ።

«ቀዩ የኔ ነው» አለች ልጅቷ። «አመሰግናለሁ። በሚቀጥለው በግማሽ እቀንሰዋለሁ።»

ከባለ ነጩ ሽፋን ውስጥ የሰዓት ሠሪው ጠርሙስ ወጣ።

ሰዓት ሠሪው ጠርሙሱን አገላብጠው አዩት። ተነሱና ወደ ጓዳ ገቡ። «አዋረድኳቸው፤ ሁለተኛ አይጠምቁም» አለች ልጅቷ በልቧ። ሲመለሱ በአንድ እጃቸው ቢራውን ከበርሜል ወደ ጠርሙስ የሚያወርዱበትን ቱቦ፣ በሌላው የሰዓት ማጉያ መነጽራቸውን ይዘዋል። መነጽሩን ዓይናቸው ላይ አድርገው የቱቦውን አፍ ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ ውስጡ ዝቃጭ ተጋግሮበታል።

«ይሄ ሰዓት ውስጥ ቢሆን ኖሮ ባለቤቱን እሰድበው ነበር» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ቀና ብለው «ታውቁ ነበር?» ሲሉ ጠየቁ።

«እናውቅ ነበር» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«እና ‹እጅህ ይባረክ› ስትሉኝ?»

«እጅህንማ እንወደዋለን። ቢራህን ነው ያልወደድነው። እንዳትቀየመን ፈርተን ነው።»

«በልጄ ሠርግ ቀንስ? ቁጭ ብላችሁ ልታዩኝ ነበር?»

ፍሬን እንደ ልማዳቸው ትንሽ ቆም አሉ። «እኔማ ያን ቀን አሞኛል ብዬ ልቀር ነበር።»

ሰዓት ሠሪው መሳቅም ማልቀስም አማራቸው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ ግን በሽታዬን መቼ ደበቅሁ? እናንተ ናችሁ የደበቃችሁኝ!»

«እኔም አለሁበት፣ ጋሼ» አለች ልጅቷ። «መድኃኒት ቤቱ ጋ ሲጠይቁኝ ዋጥኩት። ሽፋኑን የፈለግሁት እኮ ለጠርሙሱ ብቻ አልነበረም፤ ለራሴ ፍርሃት መደበቂያ ነው።»

«አንቺስ ቢያንስ በሩን ከፍተሽልኛል» አሉ አጎቷ። «አሁን ንገሪኝ። ይሄ ቱቦ ለምዷል፣ ጣዕሙን ይዟል ብዬ ነበር ሙቅ ውሃ የማላስነካው። በቀዝቃዛ አለቀልቀውና እሰቅለዋለሁ። ጥፋቴ እሱ ነው?»

«አዎ ጋሼ። ቀዝቃዛ ውሃ ያለቀልቀዋል እንጂ አያጸዳውም። ከውስጥ የሚቀረው ጣፋጭ ዝቃጭ ላይ እርስዎ ያልጨመሩት እርሾ ይራባል፤ አዲሱ ቢራ በላዩ ሲያልፍ ያንን ይዞ ይወርዳል። ቱቦው እውነትም ለምዷል፤ የለመደው ግን የእርስዎን እርሾ አይደለም። በየጊዜው በሙቅ ውሃና በማጽጃ ዘፍዝፎ፣ አጥርቶ አጥቦ፣ ማድረቅ ነው። ውስጡ የተጫረውን ደግሞ ማጠብ አያድነውም፤ ይጣላል።»

ሰዓት ሠሪው መቀስ አንስተው ቱቦውን እዚያው ቆራረጡት። «ይሄን ሁሉ ዘመን ጥርሱ የረገፈ ሰዓት በብሩሽ ስጠርግ፣ የምጠምቅበትን ዕቃ እንደ ታቦት ሳልነካው ኖርኩ» አሉ። ከዚያም ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረው «አንቺ ደግሞ ያን የዳቦ ቅርፊት ሽታ እንዴት እንዳመጣሽው ሳትነግሪኝ ከዚህ ቤት አትወጪም!» አሏት።

እሑድ አራቱም መጡ። አንዱ በርሜል ፈተገ፣ ሌላው ጠርሙስ ቀቀለ፤ የሠርጉም ቢራ ተጠመቀ፣ ሲደርስም በአዲስ ቱቦ ወረደ። ከዚያ ወዲህ እዚያ ሳሎን ማንም ከጠርሙሱ አጠገብ አይቆምም፤ ጠርሙሱ ሽፋን ይለብሳል፣ ከሁሉም አንድ መልካም ቃልና አንድ የሚታረም ነገር ይወጣል። የፍሬን አረፋ መቆየት ጀመረ፤ የልጅቷም ሆፕ ልክ ገባ። ወዳጅነታቸው ይቀዘቅዛል ተብሎ የተፈራላቸው ሰዎች ከቀድሞው ይልቅ ቶሎ ቶሎ ይጠራሩ ጀመር፤ ምስጋናው ከልብ መሆኑን ሁሉም አወቀዋ። አበባውም ሳይተካ ሰነበተ።

የሠርጉ ቀን የሙሽራው አባት፣ ፈገግታ የሚቆጥቡ፣ ቁጥብ ሰው፣ ሁለተኛ ብርጭቆ ያዙ። «ይሄን የጠመቀው ማነው?» አሉ።

ልብስ ሰፊዋ ጣቷን ልትቀስር ስትል ሰዓት ሠሪው እግሯን ረገጧት። «እሱ ይደርሳል። መጀመሪያ እንዴት እንዳገኙት ይንገሩኝ። ሰውየውን አውቀዋለሁ፤ አይቀየምም።»

የሙሽራው አባት ብርጭቆውን አዩ፣ አሸተቱ፣ ጎንጨት አደረጉና አሰቡ። «ጥሩ ነው። ከልቤ ወድጄዋለሁ። ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ ትንሽ ጣፈጠብኝ።»

የሰዓት ሠሪው ፊት ግን እንደ ሙሽራዋ በራ። ብርጭቆአቸውን አስቀምጠው ሰውየውን አቀፏቸው።

«ሰውየው እኔ ነኝ» አሉ። «ልጄን ስሰጥዎት ገና አልተዛመድንም ነበር። አሁን ተዛመድን።»