በሁለተኛው ፊት የቀሩት ሦስት ደቂቃዎች

ክቡር ኦቦ ኢቲቻ ሶያማ፥ የዚህን ፈትል ፋብሪካ ሞተርና መብራት ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ እንደ በሽተኛ በትዕግሥት ሲያስታምሙ የኖሩ፥ እጅዎ ያረፈበት የተበጠሰ ሁሉ የሚቀጠል፥ አንደበትዎ ግን እጅዎ ከሠራው ሲሶውን እንኳ የማይናገር ታላቅ ባለሙያ፤ ክብርት ባለቤትዎ ወይዘሮ ደራርቱ፤ እንዲሁም ከሰበታ፥ ከቡራዩና ከሱሉልታ ተሰባስባችሁ አዳራሹን የሞላችሁ ባልደረቦች፤ ከስድስት ዓመት በፊት በዚሁ መድረክ በጡረታ የተሸኘሁት የቀድሞው የሠራተኛ አስተዳደር ጸሐፊ ወንዳፍራሽ፥ ዛሬ ሸኚ ሆኜ እንድቆም ስለ ፈቀዳችሁልኝ አመሰግናለሁ። ኦቦ ኢቲቻን በዕድሜ ስለምበልጣቸው ዘመኔን ሁሉ «አንተ» ስላቸው ኖሬ፥ ዛሬ «እርስዎ» የሚያሰኘኝ የመድረኩ ክብር ነውና ይታገሡኝ።

የመጡበትን ቀን የማያውቅ ካለ ልንገረው። ዓመቱ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ፥ ወሩ ሐምሌ ነበር። ከተጂ በእህል መኪና ላይ ተጭኖ የመጣ አንድ ቀጭን ወጣት፥ ከጠጉሩ እስከ ጫማው ውሃ እያንጠባጠበ፥ ካፖርቱን ግን አውልቆ አንድ ዕቃ ጠቅልሎበት፥ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎት ከበሩ ቆመ። ዘበኛው ኦቦ ነገሳ፥ ነፍሳቸውን ይማርና፥ ጠረጠሩ።

«አካም ጅርታ! ምንድን ነው የታቀፍከው?»

«ቴፕ ነው፥ ኦቦ።»

«አንተ በብርድ ልትሞት ነው፥ ለቴፕ ካፖርት ታለብሳለህ?»

«እኔ ብርስ እደርቃለሁ። እሱ ከራሰ አለቀለት።»

ነገሳም ወደ ቢሮዬ አስገቡትና፥ «አቶ ወንዳፍራሽ፥ ይሄ ልጅ ኤሌክትሪሺያን ነኝ ይላል፤ እኔ ግን አዝማሪ ይመስለኛል» አሉኝ። ፋብሪካው በአንድ ደመወዝ ሁለቱንም ቀጠረ።

ዛሬ ዘፈን ሳይለመን በየኪሱ በሚገኝበት ዘመን ያደጋችሁ ልጆች አይፈረድባችሁም፤ በዚያን ጊዜ ግን ካገባ፥ ከተዛወረ፥ ወልዳም ከተመለሰች ባልደረባ ፊት ባዶ እጅ መቆም ያሳፍር ነበርና፥ ሁላችንም ባዶ ካሴት ገዝተን ወደ ጥገና ክፍል እንሄድ ነበር። የኦቦ ኢቲቻ ሕግ የጸና ነበር። ሰጪው ሦስት ዘፈን ብቻ ይመርጣል፤ የቀረውን እሳቸው ተቀባዩን ከሩቅ አጥንተው፥ አማርኛውን ከኦሮምኛው እያፈራረቁ ይሞሉታል። የቴፑን አፍ በጥጥና በአልኮል ሳይጠርጉ አይጀምሩም፤ የካሴቱን ክር በእስክሪብቶ ሲያጠነጥኑ የሚያናግራቸው ሰው መልስ አያገኝም። ከሁሉ በላይ ግን፥ በሁለተኛው ፊት መጨረሻ ሦስት ደቂቃ ባዶ ይተዋሉ። «ይሄ የተቀባዩ ነው፤ መልስ ያለው ይናገርበት» ይሉ ነበር።

ስሕተታቸውንም ካልነገርኩ ሽኝቱ ሐሰት ይሆናል። በመጀመሪያው ዓመት ማገናኛ ሽቦ ስላልነበራቸው ቴፑን ከሬዲዮው ጎን አስቀምጠው ሲቀዱ፥ የፈረቃው ደወል ከአንድ የፍቅር ዘፈን መካከል ገባ። ማጥፋቱ ቀርቶ ያ ቅጂ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የክር ጠመራ ክፍሏ ትጊ፥ ይኸው ከፊት ተቀምጣለች፥ በሠርጓ ቀን ያው ካሴት ሲዘፍን ደወሉ ጮኸ፤ የፈትል ክፍል ሚዜና እንግዳ በሙሉ ሳህኑን አስቀምጦ ብድግ አለ! ሙሽራዪቱም፥ «ኧረ ተቀመጡ፥ ዛሬ እሑድ ነው!» ብላ ጮኸች። ዓመታት አልፈው ያንኑ ዘፈን በታክሲ ውስጥ ያለ ደወሉ ብትሰማው ሾፌሩን፥ «ወንድሜ፥ ይሄኮ ጎደሎ ነው» ማለቷን ራሷ ነግራናለች።

የእኔም ተራ ደረሰ። ለፋብሪካው ሁሉ ደብዳቤ እየጻፍኩ፥ ከምርት መዝጋቢዋ ከወርቅውሃ ፊት ግን አፌ ይታሰር ነበር። በሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት የዐሥራ ሁለት ዘፈን ዝርዝር ከነማብራሪያው በሦስት ገጽ ለኦቦ ኢቲቻ አቀረብኩላቸው። ቆመው አነበቡት።

«ጋሼ፥ ይሄ ማመልከቻ ነው።»

«ታዲያ ምን ጎደለው?»

«ማኅተም! ለመሆኑ ስትስቅ አይተዋታል?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያው የሚያስቃትን እኔ አስቀድማለሁ። የእርስዎ ለቅሶ በኋላ ይደርሳል።»

ካሴቱን በሰጠኋት በስምንተኛው ቀን ወርቅውሃ መልሳ ከጠረጴዛዬ ላይ አኑራ ሳትናገር ወጣች። በቀሩት ሦስት ደቂቃዎች ውስጥ ግን ተናግራ ነበር፤ በዚያ መልሷም ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ጣራ ሥር ኖርን።

ባለፈው ሳምንት የአስተዳደር ክፍሏ ቤተልሄም፥ «እኔኮ በስልኬ ሁለት ሺህ ዘፈን አለኝ» ብትላቸው፥ ኦቦ ኢቲቻ፥ «ጎበዝ፤ ስንቱን ሰጠሽ?» አሏት። ምስጋናዬ ሁሉ በዚህች ጥያቄ ውስጥ ነው። ሌላው ሰው ለራሱ ሲሰበስብ፥ እርስዎ ሰው ለሰው የሚሆንበትን ሲመርጡ ኖሩ፤ መናገር ላቃተን ቃል፥ መልስ ላለውም ቦታ ሰጡ።

ወርቅውሃ ካረፈች ሰባት ዓመቷ ነው። ያለችውን ቃል በቃል አውቀዋለሁ፤ ድምፅዋ ግን ከጆሮዬ እየራቀ ነው። ካሴቱ በመሳቢያዬ አለ፤ ክሩ አርጅቷልና ባልለመደ እጅ ቢበጠስ ሁለተኛ እንዳላጣት ፈርቼ ካረፈች ወዲህ አላጫወትኩትም። ዛሬ ጠዋት ግን ኦቦ ኢቲቻ ያንን ቴፕ ከጥገና ክፍል በካፖርት ጠቅልለው፥ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፥ ታቅፈውት ሲወጡ አየሁ፤ ልቤም ደፈረ።

እንግዲህ ብርጭቋችሁን አንሡ! የተበጠሰውን ለቀጠሉት እጆች፤ ጥጡንና እስክሪብቶውን ከቤታቸው ሳያወጡ ለታገሡት ለወይዘሮ ደራርቱ፤ ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጣችሁ፤ ከእንግዲህ የፈረቃ ደወል ሳይሆን የተጂ ዶሮ ይቀስቅሳችሁ።

አንዲት ልመና ቀረችኝ፤ እሷን በ«አንተ» እላታለሁ። ኢቲቻ፥ የፊታችን ቅዳሜ በስምንት ሰዓት ቴፕህን ይዘህ ቤቴ ና፥ የወርቅውሃን ካሴት በእጅህ አጫውትልኝ።