በአያ ተገኝ ደጃፍ የምታልፈው ባቡር

አዘዞ ሳለሁ፣ ጣሊያን ጥሎት ከሄደው ቆርቆሮ ክንድ የምታህል ባቡር ሠራሁ ብላችሁ አትሳቁብኝ። የምትሄደው በግድግዳ ሰዓት ሞላ ነው። ግቢዬ ጠባብ ስለሆነ ሐዲዱን በጎረቤቴ በአያ ተገኝ ደጃፍ አዞርኩት። መጀመሪያ ዶሮ ገለበጠቻት፤ ቀጥሎ ዝናብ ሐዲዱን ጠራርጎ ወሰደው፤ በሦስተኛው ግን እንደ ምንም ዞራ ገባች። ደስታዬን ሳልጨርስ አያ ተገኝ ሦስት ሽማግሌ አስከትለው ከተፍ አሉ። የድንበር ክስ መጣብኝ አልኩ በልቤ።

«የመሬቱስ ግድ የለም» አሉ ዱላቸውን ተክለው። «ምነው ልጄ፣ ይቺ ማኪናህ በደጄ ስታልፍ ቆም ብላ እንደምን ዋላችሁ አትልም? ንቀት እኮ ነው!»

ፍሬን የላትም ብል ማን ይስማኝ! ሽማግሌዎቹ እየቆመች እንድታልፍ ፈረዱብኝ። እንድታዘግም ብዬ ደጃፋቸው ላይ ሐዲዱን ከፍ አደረግሁት። በማግስቱ ባቡሬ ዳገቷን ጀመረች፣ አዘገመች፣ ቀጥ ብላ ቆመች። ጠበቅን። ንቅንቅ የለም። አፍሬ ልገፋት ጎንበስ ስል አያ ተገኝ ፊታቸው በርቶ ክንዴን ያዙኝ።

«ሸጋ! አሁን ሰው ማክበር አወቀች። ተዋት እንጂ፣ እንግዳ ይባረራል?»