በነጠላ ተጠቅልሎ የወረደው ሥዕል

የምስክር ሙሉ ስም፦ ወ/ሮ ፈትለወርቅ ከበበ
ዕድሜ፦ 63 ዓመት
ሥራ፦ ጡረተኛ መምህርት
አድራሻ፦ የካ ክፍለ ከተማ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሐሙስ ሐምሌ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡20 ሰዓት
ጉዳዩ፦ ሥዕል ሰርቀዋል ተብለው ስለተያዙት አቶ በርናባስ ለይኩን

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው ምስክር ስለ ጉዳዩ የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

አቶ በርናባስን የማውቀው ከፈረንሳይ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው የአቶ ምሥጋና የሥዕል ማሳያ ቤት አስጎብኚ ሆኖ ሲሠራ ነው። ዝምድናም ጠብም የለንም። እዚያ ከተሰቀሉት ስድስት ሥዕሎች አንዱን የሣለው ሟች ባለቤቴ ሀብቶም ነው። ሌሎቹ ሥራዎቹ በየሰው እጅ ተበትነው ይህ አንዱ ብቻ ስለቀረኝ፣ እኔ ብቻ ከማየው ሰው ይየው ብዬ በውሰት ሰጥቼዋለሁ። በየወሩ በ16 ኪዳነ ምሕረትን ተሳልሜ ስመለስ ጎራ ብዬ አየዋለሁ። አቶ በርናባስ ወንበር ያቀርብልኝና ሥዕሉን እንደ አዲስ እንግዳ ያስረዳኛል። እኔም የማላውቅ መስዬ እሰማዋለሁ።

በትናንትናው ዕለት ረቡዕ ሐምሌ 16 ቀን ከቀኑ በግምት 8፡30 ሰዓት ሲሆን በማሳያ ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጣለና አሸንዳው ተገንጥሎ ውሃው የሀብቶም ሥዕል በተሰቀለበት ግድግዳ ይወርድ ጀመር። አቶ በርናባስ ፈጥኖ ሥዕሉን አወረደው፤ የቀሩትንም ወደ ደረቁ ጥግ ወሰዳቸው። የእኔን ግን በዚያ ጣሪያ ሥር ትቼ ለመሄድ ልቤ እምቢ አለኝ። ቤቴ ድረስ ይዘህልኝ ውረድ ብዬ ለመንኩት። ያለ አቶ ምሥጋና ፈቃድ ሥዕል ማውጣት ክልክል መሆኑን ነገረኝ፤ ሦስት ጊዜም ደወለላቸው፤ ስልካቸው አልሠራም። አለቀስኩ። ይሄኔ "በቃ እማማ ፈትለ፣ አያልቅሱ፣ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ" አለኝ።

የጠቀለልኩት እኔ ነኝ። በመጀመሪያ በላስቲክ፣ ቀጥሎ በለበስኩት ነጠላ፣ በላዩም ከመስኮቱ ባወረድኩት ቀይ የከፋይ መጋረጃ ጠቀለልኩት። በብብቱ ቢይዘው ሸራው ይታጠፋል ብዬ ራሱ ላይ ያስቀመጥኩትም፣ ከኋላው ሆኜ ጃንጥላ የዘረጋሁለትም እኔ ነኝ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል፤ ዕድሜዬን ሙሉ ታቦት ስሸኝና ስቀበል የኖርኩ ሴት፣ ይህ ምን እንደሚመስል አለማሰቤ እስካሁን ይገርመኛል። አቶ በርናባስ ፕሮቴስታንት ስለሆነ ከእሱ አይጠበቅም።

መንገዱ ከኪዳነ ምሕረት በሚመለስ ሰው ሞልቶ ነበር። ሰዉ ሲያየን መንገድ ለቀቀ፤ በዚያ ዝናብ ውስጥ ቆሞ ጎንበስ አለ፤ ሴቶችም እልል አሉ። አቶ በርናባስ ከበረዶው ለማምለጥ ያጎነበሱ መስሎት "ፈጠን እንበል እማማ፣ እየባሰበት ነው" አለኝ። እኔ ግን ያን ጊዜ ገብቶኝ ነበር። መናገር ሲገባኝ ዝም አልኩ። ሀብቶም በሕይወት ሳለ ሥዕሉ ፊት ሁለት ደቂቃ የቆመለት ሰው አልነበረም፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ለጥቂት እርምጃ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህም እንዲጻፍ ጠይቄያለሁ።

ቁልቁለቱ ላይ እንዳልንሸራተት ቀስ ብዬ ስራመድ ወደ ኋላ ቀረሁ። ጃንጥላው ከላዩ ሲነሳ ሥዕሉ እንዳይረጥብ ብሎ ሮጠ። ማንነቱን የማላውቀው ሰው "ካህን የሌለበት ታቦት ወዴት ነው የሚሮጠው? ሌባ ነው!" ብሎ ሲጮህ ሰዉ ከበበው። አስቀምጠው ሲሉት "መሬት አላስቀምጥም!" አለ። ታቦት መሬት እንደማይቀመጥ ሁሉም ስለሚያውቅ ይህ መልሱ ጭራሽ አባሰበት። ሲመቱት ፊቱን መከለል ይችል ነበር፤ ሁለት እጁን ግን ከሥዕሉ ላይ አላነሳም። ቅንድቡ ተፈንክቶ ደሙ ነጠላዬ ላይ ፈስሷል። እኔ እስክደርስ ፖሊሶች ቀድመውኝ አስጣሉት፤ ነፍሱን ስላተረፉልኝ እግዜር ይስጥልኝ። በኋላ አቶ ምሥጋና ሥዕሉ ያለ ፈቃዳቸው ወጥቷል ብለው በማመልከታቸው በስርቆት ተጠርጥሮ ማደሩን ሰማሁ።

ዛሬ ጠዋት መርማሪው ጥቅሉን በፊቴ ሲፈቱት ሥዕሉን ጠብታ ውሃ አልነካውም። ባሕር ዛፍ ሥር ቆማ የምትስቀው ወጣት ማን እንደሆነች ጠይቀውኝ እኔ መሆኔን ገልጫለሁ። አንዴ እሷን አንዴ እኔን አዩ። እንደዚያ ስቄ እንደማውቅ የሚመሰክርልኝ ከሀብቶም ወዲህ ይህ ሥዕል ብቻ ነው፤ ያተረፈልኝም በርናባስ ነው። ውለታውን በምን እንደምከፍለው አላውቅም። ሥዕሉ የእኔ ለመሆኑ የውሰት ደብዳቤው ከዚህ ቃል ጋር ተያይዟል። የራሴን ንብረት በልመናዬ ወደ ቤቴ ያወረደልኝ ሰው ሌባ አይደለም። ጥፋት ካለ የእኔ ነው።

በኤግዚቢትነት የተያዙት ሥዕልና ነጠላ እንዲመለሱልኝ እፈልግ እንደሆነ ተጠይቄ፣ ምርመራው እስኪያልቅ እዚሁ ይቆዩ፤ የበርናባስ ባለቤት ጸጋ ሕፃን አዝላ በር ላይ ቆማለችና ዛሬ ይዤ መውጣት የምፈልገው እሱን ነው ብዬ መልሻለሁ።

ቃሌ ተነቦልኝ አንድም ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት እንደተናገርኩት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ከሰው የሰማሁትን ሰማሁ ብዬ፣ ያየሁትንና ያደረግሁትን በእውነት ተናግሬ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ፈትለወርቅ ከበበ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ዋና ሳጅን ፊራኦል ቀጸላ (ፊርማ)