ጳጉሜን ያልቆጠረው ጋራንቲ

የምስክር ቃል
የምስክሯ ስም፦ ፈህሚያ ናስር
ዕድሜ፦ 27
ሥራ፦ የሞባይል ስልክ ሽያጭና ጥገና
አድራሻ፦ ጎንደር ከተማ፣ አራዳ
ቃሉ የተሰጠበት፦ ጳጉሜ 5 ቀን 2006 ዓ.ም. ከቀኑ 9፡30
ጉዳዩ፦ ከአቶ ሐቢብ ዐብዱልከሪም ሱቅ ስለጠፋ አንድ ሞባይል ስልክ

አቶ ሐቢብ የአባቴ ወንድም ናቸው፤ በሱቃቸው ስሠራ ስድስት ዓመቴ ነው። ተጠርጥረው የተያዙትን መሪጌታ ወልደኢየሱስን በደንበኝነት አውቃቸዋለሁ። ጠብም ዝምድናም የለንም። ስለ ጠፋው ስልክ የማውቀውን ተጠይቄ እንደሚከተለው አስረድቻለሁ።

መስከረም 2 ቀን 2006 ዓ.ም. ለመሪጌታ ባለ ቁልፍ ስልክ የሸጥኩላቸው እኔ ነኝ። እንደ ልማዴ ስልኩን ከጠረጴዛው ቁመት ሦስት ጊዜ ሲሚንቶው ላይ ጣልኩት። ደንግጠው «ምነው ልጄ፣ ምን በደለሽ?» አሉኝ። አንሥቼ ደውዬ አሳየኋቸው። ይህን የማደርገው ገበያተኛ በወሬ ስለማያምን ነው። ቀጥሎ የጋራንቲ ካርዱን ሞላሁ። ካርዱ ዐሥራ ሁለት ወር ይላል። መስከረምን አንድ ብዬ በጣቴ ስቆጥር ነሐሴ ላይ ዐሥራ ሁለት ሞላልኝና «እስከ ነሐሴ 30» ብዬ ጻፍኩ። ደመወዝም የቤት ኪራይም ጳጉሜን ስለማይቆጥሩ እኔም አልቆጠርኳትም። ስሕተቱ የእኔ ነው፤ ይህ ሁሉ የመጣውም ከዚያ ነው።

ጳጉሜ 3 ቀን ሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ መሪጌታ ከኮሶዬ መጥተው ስልኩ ቻርጅ አልቀበል ብሎ እንደጠፋባቸው ነገሩን። በዓመቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ ከበቅሎ ላይ ወድቆ ምንም አልሆነም ነበር። አቶ ሐቢብ ካርዱን አይተው ጋራንቲው ሦስት ቀን እንዳለፈው ገለጹላቸው። መሪጌታ ባሕረ ሐሳብ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው፤ ዘመን መቁጠር ሥራቸው ነው። ካርዱን አገላብጠው «ጳጉሜን የት ጣላችኋት? እግዜር ለዓመቱ የሰጠውን አምስት ቀን የስልክ ካርድ ይነጥቃል?» አሉ። ሱቅ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። አቶ ሐቢብ አፍረው አዲስ አበባ ላለው አከፋፋይ ደወሉ። አከፋፋዩ ዓመቱ የሚሞላው መስከረም 1 ቀን እንደሆነ፣ ለደንበኛው አዲስ ስልክ ተሰጥቶ አሮጌው አለመከፈቱን የሚያሳየው ማኅተም ሳይነካ እንዲላክለት ነገራቸው።

አቶ ሐቢብ የሰው ፊት ስለከበዳቸው ነገሩን ቶሎ ለመጨረስ ፈለጉ። ሲም ካርዱን አውጥቼ አዲሱ ስልክ ላይ አስገባሁ፤ መሪጌታ አሮጌውን ማስረከባቸውን ፈረሙ። ክርክሩን ስለረቱ ደስ ብሏቸው ሄዱ። አሮጌውን ለመላክ ጠቅልዬ ከደንበኞች አግዳሚ አጠገብ አኖርኩት። ስልክ ስቀይር «ውስጡ የሚፈልጉት ነገር አለ ወይ?» ብዬ ሁልጊዜ እጠይቃለሁ። ያን ቀን አልጠየቅኩም።

በማግስቱ ማክሰኞ 3 ሰዓት ላይ አዲሱን ስልክ ይዘው ተመለሱ። ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። አሮጌው ስልክ ውስጥ የመምህራቸው የየኔታ ኃይለ ጊዮርጊስ ድምፅ እንዳለ ነገሩን። የኔታ ባለፈው ሰኔ ዐርፈዋል። ከማረፋቸው በፊት እሳቸው ብቻ የሚያውቁትን አንድ የወረብ ስልት ሲያስተምሩ መሪጌታ በስልኩ ቀድተውት ነበር፤ አጥንተው ግን አልጨረሱትም። ድምፁ ከሲም ካርዱ ጋር የሚሄድ መስሏቸው ነበር። አቶ ሐቢብ አዘኑላቸው። ሆኖም ስልኩ አሁን የኩባንያው ንብረት እንደሆነ፣ ማኅተሙ ከተነሣም ወኪልነታቸውን ሊያጡ እንደሚችሉ ገለጹላቸው። መሪጌታ አዲሱን ልመልስ ቢሉም ሰነዱ ትናንት በፋክስ ለኩባንያው ደርሷል ተባሉ።

እስከ ቀትር ሱቁ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። አቶ ሐቢብ ለዙህር ሶላት ሲወጡ ወደ እኔ ተጠግተው «እኛ ቤት ትምህርት በጆሮ ነው የሚያዝ። እኔ ሰነፍኩና ለቆርቆሮ አደራ ሰጠሁ» አሉኝ። ልክፈተው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። «ተይው ልጄ፣ በእኔ ጦስ እንጀራሽ አይቋረጥ» ብለው ተነሥተው ሄዱ። ሲወጡ የታሸገው ስልክ በቦታው እንደነበረ በዓይኔ አይቻለሁ።

ዛሬ ጠዋት አቶ ሐቢብ ጥቅሉን ሊልኩ ሲያነሡት ባዶ ሆኖ አገኙት። ግማሽ ቀን አጠገቡ የተቀመጡት መሪጌታ ናቸውና በእሳቸው ላይ አመለከቱ። 5 ሰዓት ገደማ መሪጌታ ለበዓል ሸመታ አራዳ ገበያ እንደመጡ ተይዘው፣ ጋቢያቸው በሰው ፊት ሲፈተሽ ከሱቁ ደጃፍ ቆሜ አየሁ። «አልወሰድኩም» ከማለት በቀር አልተናገሩም። እኔም አልተናገርኩም። አጎቴን ፈርቼ ነው፤ አፍሬበታለሁ። ነገ ዘመን መለወጫ ነው፤ መሪጌታ ማኅሌት መቆም ያለባቸው ዛሬ ሌሊት ነው።

ስልኩን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ትናንት መሪጌታ ከሄዱ በኋላ አጎቴ ከመስጊድ ሳይመለሱ ከጥቅሉ አውጥቼ ማኅተሙን አነሣሁት። ቻርጅ ማስገቢያው ሥር የለቀቀች ነጥብ ነበረች፤ በየድኳት፤ ስልኩ በራ። ድምፁ ዐሥራ አንድ ደቂቃ ነው። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ግእዙም ዜማውም አይገባኝም። ሽማግሌው ግን እያስተማሩ እንደሆነ ለማንም ይታወቃል። መሪጌታ ሲስቱ የኔታ ያቆማሉ፣ ይስላሉ፣ ሳይቆጡ ከመጀመሪያው ያነሡታል። አምስት ጊዜ እንዲህ አደረጉ። እስከ መጨረሻው ሰማሁት፤ አለቀስኩ። ይህ ስልክ አይሰበርም እያልኩ ስምል ስድስት ዓመት ኖሬአለሁ፤ ስለ ያዘው ነገር ግን ኃላፊ የሚሆን እንደሌለ ያን ጊዜ ገባኝ።

ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ የደበቅኩት ለመሪጌታ በሰው እጅ ልልክላቸው አስቤ ነበር። ድምፁ መገኘቱን እስካሁን አያውቁም። አሁን ስልኩን በቃል ተቀባዩ ፊት አስረክቤአለሁ። በኤግዚቢትነት ቢያዝ አልቃወምም፤ ድምፁ እንዳይጠፋ ግን እለምናለሁ።

ምስክር ተብዬ ነው የተጠራሁት፤ የተናገርኩት ግን በራሴ ላይ ነው። የተጻፈው ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ ያልኩት ሁሉ አለበት፣ ያላልኩት የለበትም፣ እውነት ነው ብዬ ፈርሜያለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ፈህሚያ ናስር

ከቃል ተቀባዩ የተጨመረ፦ መሪጌታ ወልደኢየሱስ 11፡00 ሰዓት ላይ ተለቀዋል። ድምፁንም እንዲሰሙ ተደርጓል። ምስክሯ በተጠርጣሪነት እንደምትቆይ ሲነገራቸው መታወቂያቸውን አውጥተው ዋስ ልሁናት አሉ። ማኅሌት እንዳይረፍድባቸው ነገ እንዲመጡ ቢነገራቸው «እሷ ሳትወጣ ምን አፍ ኖሮኝ እዘምራለሁ?» ብለው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል።

ቃሉን የተቀበለው ፊርማ፦ ረዳት ሳጅን አድማሴ መዝሙር