አገሬን ያማሁ ዕለት

እኔ በገዛ አፌ የታሰርኩ ሴት ነኝ። ዐረብ አገር፣ ደማም ከተማ፣ አል ነኺል ሰፈር፣ ቤት ሠራተኛ ሆኜ በገባሁ በወሩ ማዳሜ «ይቺ ሥራ አትችልም፣ ወደ አገሯ ትመለስ» ስትል እግሯ ላይ ወደቅሁ። «አገሬ ጦርነት ነው፣ ብመለስ ይገድሉኛል» ብዬ አለቀስኩ። ውሸቴን ነው። ከአገር የላከን ደላላ «ሊመልሷችሁ ካሉ እንዲህ በሉ» ብሎን ነበር። አዘነችልኝና አስቀረችኝ።

በአራተኛው ዓመት፣ ሙቀቱ ሲብስ፣ ባሏ ለእረፍት የሚሄዱበትን አገር በላፕቶፑ አሳየን። አረንጓዴ ተራራ፣ የኛው አገር! «አንቺም አብረሽን ሄደሽ እናትሽን ታያለሽ» ሲለኝ እልልታዬን በጉሮሮዬ ዋጥኩት። ማዳም ግን ልጆቿን እቅፍ አድርጋ፣ «እሷ ከሞት ያመለጠችበት አገር ልጆቼን አልወስድም» አለች። «ማፊ ሙሽኪላ ማዳም፣ ምንም ችግር የለም፣ ሰላም ነው! ያኔ ዋሽቼሽ ነው!» ብዬ በእናቴ ስም ማልኩ። እንባዋ መጣ። «ምስኪን፣ እናቷ ናፍቃት ነው እንዲህ የምትለው» አለችው ለባሏ። ከዚያ ራሴን እየዳበሰች፣ «አይዞሽ፣ እኔ እያለሁ ማንም ወደዚያ አይመልስሽም» አለችኝ።

እነሱ ቱርክ ሄደው ተመለሱ። እኔ ይኸው ዛሬም የመውጫ ወረቀቴን፣ ኹሩጄን፣ በለመንኳት ቁጥር ራሴን ትዳብሰኛለች።